«ደርሳችኋል» ባዮች፦ ስለ እግር መንገድ ሰዎች የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ስለ ላሊበላ ያልተጻፈ ነገር አለ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተለክተዋል፣ ፎቶ ተነስተዋል፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፣ ከዝናብ እንዲከልላቸው ጣሪያ ተሠርቶላቸዋል፣ በጣሪያውም ላይ ክርክር ተነስቷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጽፎ ሲያበቃ፣ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰግቶ፣ በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደርሷል። ችግሩ፣ ሊቃውንቱ ሁሉ ጥናታቸውን የሚጀምሩት ከደረሱ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን፣ ሰው ገና ሳይደርስ ደርሰሃል እየተባለ የሚኖርበትን ረጅም ዘመን፣ የነካው የለም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመሙላት የተነሳ ነው። የጥናቱ መስክ ለገና ወደ ላሊበላ የሚያወጡ የእግር መንገዶች ናቸው። ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል፣ ጥናቱ የተካሄደው በጾመ ነቢያት ማለቂያ፣ በባዶ ሆድና በብርድ ነው። የሚጠናው በመንገድ ላይ የሚገጥም ሰው ነው። አብሮን ከቤት የወጣው ሰው በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ እሱ የስንቅ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ይታያል።

የዘርፉን ታሪክ ከሥሩ ለመያዝ ወደ ቆላ፣ ወደ መተማና ወደ ገዳሪፍ መውረድ ግድ ይላል። ከጎንደር በጭልጋ፣ በመተማና በገላባት አድርጎ ወደ ገዳሪፍና ወደ ስናር የሚወርደው መንገድ የነጋዴ ብቻ አልነበረም። ከእኛ በኩል ዴር ሡልጣን ደርሰው ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የተነሱ መነኮሳትና ምእመናን በስናርና በግብፅ አድርገው ያልፉበት ነበር። ከወዲያ ደግሞ ከቦርኖና ከዳርፉር የተነሱ ሙስሊሞች መካን ብለው ወደ ምሥራቅ ይመጡበት ነበር። እነዚህ ተክሩር የሚባሉት ተጓዦች ገላባት ላይ ለጥቂት ጊዜ አረፍ ብለው፣ ዕረፍቱ ስለተስማማቸው መንደር መሥርተው ቀሩ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከር ሠርተው የሚያድሩ፣ የተደላደሉ ሰዎች ሆነው አግኝቷቸዋል። በሐጅ መንገድ ላይ «አረፍ በሉ» የተባለ ሰው ምን ያህል ሊያርፍ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየንም።

እንግዲህ አስቡት። አንዱ ለኢየሩሳሌም ይወርዳል፣ ሌላው ለመካ ይወጣል፤ ገላባት አካባቢ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ይገናኛሉ። ቋንቋ አይግባቡም። ሆኖም የሁለቱም ጥያቄ «ስንት ቀረው?» የሚል እንደነበረ ለመገመት የብራና ማስረጃ አያስፈልግም። መልሱንም መገመት አይከብድም። እጅ ወደ መጡበት አቅጣጫ ይዘረጋል፣ መዳፍ ሁለት ጊዜ ይርገበገባል፣ ፊት ፈገግ ይላል፤ ቅርብ ነው ማለት ነው። ጎንደሬው ሱዳን በሞላው፣ ግብፅ በሞላው ይቀረዋል። ቦርኖዬው ተራራውና ቀይ ባሕር ይቀረዋል። ሁለቱም ተመራርቀው፣ ልባቸው ሞልቶ ተለያዩ። የጥናታችን መሠረት የተጣለው እዚያ ጥላ ሥር ነው ብለን እናምናለን።

በዚያው በገዳሪፍ ግዛት ኡም ራኩባ የሚባል የስደተኞች መጠለያ አለ። ኢየሩሳሌምን ብለው ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው የወጡ ቤተ እስራኤላውያን በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሱት እዚያ ነው። ብዙዎቹ እዚያው አፈር ሆነው ቀሩ፤ ሌሎቹ በ1977 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ በሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች እንደገና ሞሉት። እነዚህ መንገደኞች በዚህ ጥናት ውስጥ አልተመደቡም፤ አይመደቡምም። ጥናቱ እዚህ ላይ ቆቡን አውልቆ፣ ፊቱን አዙሮ ላሊበላ ወዳለችበት ወደ ላስታ ይወጣል።

መንገድ የሚመራን ተከዜ ነው። በሱዳን ሰቲት ተብሎ ከአትባራ የሚገናኘው ይህ ውኃ መነሻው ላስታ ስለሆነ፣ እሱን ሽቅብ የተከተለ ሰው ዞሮ ዞሮ ላሊበላ አጠገብ ይወጣል። ስንት ቀን ይፈጃል ቢሉ፣ ቅርብ ነው።

የመንገድ ሰው በጥቅሉ በሦስት ይመደባል፤ የሚቀድም፣ የሚቀደም እና የተቀመጠ። የሚቀደም ሰው እስካሁን ስላልገጠመን ሁለቱን ብቻ እናያለን።

ከሚቀድሙት ውስጥ ቀዳሚዋ እማሆይ ናቸው። እማሆይ ከየት እንደመጡ አይታወቅም። ዞር ሲሉ የሉም፣ ቀና ሲሉ ፊት ናቸው። እግራቸው ባዶ ነው፤ በአንድ እጃቸው መቁጠሪያ፣ በሌላው የተጠቀለለ ጃንጥላ፣ በትከሻቸው አኩፋዳ ይዘዋል። ቁመታቸው ከጃንጥላው እምብዛም አይበልጥም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው፣ ዓመቱን ሙሉ ጂም ሲሠራ የከረመ የአዲስ አበባ ወጣት አጠገብ ሲደርሱ ዝም ብለው አያልፉትም፤ ያዝኑለታል። «አይዞህ ልጄ» ይሉታል። ጉልበት በማጠፍ ረገድ ከዚህ ቃል የሚስተካከል ስድብ በጥናቱ አልተመዘገበም። ወጣቱ ለሩብ ሰዓት ያህል እርምጃውን ያፈጥናል። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ ይላል። ማሰሪያው ሲጠብቅ እግረ መንገዱን ይቀመጣል፣ በመቀመጡም ወደ ሦስተኛው ምድብ ይዛወራል።

የተቀመጡት ብዙ ናቸው። እሾህ የሚያወጣ አለ። ጓደኞቼን እየጠበቅኩ ነው የሚል አለ፤ ጓደኞቹ ከትናንት ወዲያ አልፈዋል። ስንቁን ፈትቶ ያለፈውን ሁሉ «ኑ ቅመሱ» የሚል አለ፤ ዳቦ ቆሎው ሦስት እፍኝ ያህል ነው፣ የሚጋብዘው ግን ሃምሳ ሰው ነው፣ ሁሉም ዘግኖ ሲሄድ ተርፎ ይታያል። ይህ ለሥነ መለኮት ሊቃውንት የተተወ ነው። ከተቀመጡት ውስጥ ግን ለአጥኚ የሚያስቸግረው ዘመድ ቆጣሪው ነው።

«ወንድምዓለም፣ ከየት ነህ?»

«ከአዲስ አበባ።»

«እሱስ የተቀመጥክበት ነው። ትውልድህስ?»

«አባቴ ጋይንት ነው።»

«ላይ ነው ታች?»

«ላይ ጋይንት።»

እዚህ ላይ ዘመድ ቆጣሪው ይተክዛል። ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። አጥኚው እንደታዘበው፣ በዚህች ቅጽበት በሰውዬው ራስ ውስጥ ሠርግ፣ ተዝካር፣ የክርስትና ድግስና የመሬት ሙግት በተራ እየተገላበጡ ይመረመራሉ። በመጨረሻ «እህ! የኛው እኮ ነህ!» ይላል። ከዚህ በኋላ ስንቅ የግል ሀብት መሆኑ ያበቃል። የክርስትና ስም ይጠየቃል፣ በጸሎት እንተሳሰብ ይባላል፣ በሶ ይበጠበጣል። ያንተ በሶ ነው የሚበጠበጠው።

እነዚህን በዚህ እንለፋቸው። ጥናቱ በዋናነት የተነሳው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ እሱም ርቀት ነጋሪው ነው።

ርቀት ነጋሪ ተሳላሚ አይደለም፤ የአገሬው ሰው ነው። የሚገኘው በመንገድ ዳር፣ በድንጋይ ካብ ላይ ነው። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። በየሁለት ኮረብታው አንድ ይገኛል። ማን እንደሾመው፣ ማን እንደሚተካው አይታወቅም፤ ካቡ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። መንገደኛው አጠገቡ ሲደርስ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ሰላምታው ከብቱን፣ እህሉንና የቤተሰቡን ጤንነት ያካተተ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። በመጨረሻ ጥያቄው ይመጣል።

«አባቴ፣ ላሊበላ ስንት ቀረው?»

«ላሊበላ? ኧረ ደርሳችኋል!»

ይህ መልስ ከጋሸና ጀምሮ ይሰጣል። ጋሸና ከላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከነፋስ መውጫ የመጡ ሰዎች እዚያም ሳሉ ደርሳችኋል መባላቸውን ነግረውናል። የመጀመሪያው «ደርሳችኋል» የት ላይ እንደሚጀምር ለማወቅ ወደ ኋላ እየሄዱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚበቃ ጉልበት ያለው ረዳት አጥኚ አልተገኘም።

መልሱ አንድ ቢሆንም አሰጣጡ ይለያያል። በጣም የተለመደው በከንፈር መጠቆም ነው። ብርድ ስለሆነ እጅ ከጋቢ አይወጣም፤ አገጭ ቀና ይልና የታችኛው ከንፈር ወደ ተራራው ይላካል። ጀማሪ መንገደኛ ከንፈሩን ንቆ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ የርቀቱ ሁሉ ምሥጢር ያለው እዚያ ላይ ነው። በከንፈር የተጠቆመ ቦታ እውነትም ቅርብ ነው፣ ለሱ ሲባል እጅ አይበርድም። እጅ ከጋቢ ከወጣ ግማሽ ቀን ይቀራል። ዱላ ከተነሳ ሙሉ ቀን ነው። ሰውዬው «ቆይ ላሳይህ» ብሎ ከካቡ ላይ ብድግ ካለ ግን፣ መንገደኛው በቦታው ቢቀመጥ፣ የሚያድርበትንም ቤት ከወዲሁ ቢጠይቅ ይሻላል።

ከአካሉ ጋር ድምፁም አብሮ ይለካል። «እዚያ ናት» ሲባል እዚያ ናት። «እዚያ ማዶ» ሲባል አንድ ገደል አለ። «እዚያ ማዶ» ተብሎ «ማ» ላይ ድምፁ ከቀጠነና ከተጎተተ፣ በጎተተው ልክ ገደል ይጨምራል። አንድ አባት ጎትተውት ሳል ይዟቸዋል፤ መልሱን ሳንሰማ ቀረን፣ በኋላ ስናየው ጥሩ ነው የቀረን።

ሁለተኛው ዓይነት «በእኔ እግር» ባይ ነው። ይህ ሰው ሐቀኛ ነው፤ ሐቀኝነቱ ግን ከሌሎቹ ውሸት ይብሳል። «በእኔ እግር ሁለት ሰዓት ናት» ይላል። ከዚያ ዓይኑን ወደ መንገደኛው ጫማ ያወርዳል። መንገደኛው ዱባይ የነበረች እህቱ የላከችለትን፣ ውኃ የማያስገባ፣ ድንጋይ የማይሰማው፣ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ ጫማ ተጫምቷል። ሰውዬው በረባሶ ነው ያደረገው፤ የአንዱ ማሰሪያ በሲባጎ ተቀጥሏል። ጫማውን በጥሞና ያየዋል። ከፊት ያየዋል፣ ከጎን ያየዋል። እኛ ሐኪም ቤት የራጅ ውጤት የሚያይ ሰው ላይ ካልሆነ እንዲህ ያለ ፊት አላየንም። ቀጥሎ «በእናንተ እግር ግን...» ብሎ ይጀምራል። አይጨርሰውም። ይህች ያልተጨረሰች ዓረፍተ ነገር በላስታ ተራሮች ላይ ለብዙ ዘመን ተንጠልጥላ የኖረች ናት፤ የጨረሳት ሰው የለም። ጨዋነት አይፈቅድም። በምትኩ «ይሁን፣ እሱ ያደርሳል» ይባላል፤ ወደ ሰማይ ይታያል፤ ጉዳዩ ከሰው አቅም በላይ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ሦስተኛው መሃለኛው ነው። «ማርያምን ደርሳችኋል!» ይላል፣ ማንም ሳይጠራጠረው። በጥናቱ እንደተረጋገጠው መሐላና ርቀት አብረው ያድጋሉ። ያልማለ ሰው ይታመናል። በአንድ ቅዱስ የማለ ሰው ለምሳ እንደማያደርስህ ይታወቃል። በማርያምም፣ በቅዱስ ላሊበላም፣ በልጆቹም ደርቦ ከማለ የዛሬውን እርሳው፤ ነገር ግን ልጆቹን እግዚአብሔር ይጠብቅለት። ከላይ የተጠቀሰው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ከዚህ አገር መሐላ ይዞ የተመለሰው ከየትኛው ካብ ላይ ተምሮ እንደሆነ ለታሪክ ተመራማሪዎች ጥቆማ እንሰጣለን።

ሰዓት የሚነግርም አለ። «ለቡና ትደርሳላችሁ» ይላል። የየትኛው ቀን ቡና እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ደርሳችኋል፣ ቀትር ላይ ደርሳችኋል፣ ከብት ሲገባ ደርሳችኋል ሲባል ስለዋልን፣ መንገዱ ራሱ እየረዘመ ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሳ። ሳይንሳዊ መሠረት አላጣም። አፍሪካ በስምጥ ሸለቆው በኩል በየዓመቱ በሚሊ ሜትር እየተሰነጠቀች መሆኑ የታወቀ ነው። ላስታ ግን ከስንጥቁ በስተምዕራብ፣ በደጋው ላይ የተቀመጠች አገር ናት፤ ስንጥቁ ቢሰፋ ከአፋር እንጂ ከጋሸና አያርቃትም። መላምቱ ወደቀ።

የተረፈው ማብራሪያ አንድ ነው፤ ደስ ባይልም እንመዘግበዋለን። ርቀት ነጋሪው መንገዱን አይለካም፤ መንገዱንማ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የሚለካው ፊትን ነው። ጎረምሳ ጠይቆት «ይቀርሃል፣ ፍጠን» ሲለው በጆሯችን ሰምተናል። እዚያው ካብ ላይ፣ እዚያው ደቂቃ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ስትጠይቀው «እሰይ እናቴ፣ ደርሰሻል» አላት። አንድ የሚያነክሱ ሽማግሌ በዘመድ ትከሻ ተደግፈው ብቅ ሲሉማ ሳይጠይቁት ብድግ ብሎ «ደርሰዋል! ደርሰዋል! ይኸው!» እያለ በዱላው አየሩን ሲወጋ ነበር። ሰው በደከመ ቁጥር ላሊበላ ትቀርባለች። ይህ መለኪያ በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ሽማግሌው ቀና ብለው ዱላው የጠቆመውን አዩ፣ አንድ ኮረብታ ነበር፣ «እሰይ» አሉና እርምጃቸውን ቀጠሉ። እኛም ማስታወሻ መያዝ አቁመን ቆመን አየናቸው፤ ለሥራችን የማይገባ ድርጊት ነበር።

ለዚህ ሥርዓት ያልተገዛ አንድ ሰው ገጥሞናል። የጎንደር ልጅ ነው። ገዳሪፍ ወርዶ ሰሊጥ ሲያርምና ሲያጭድ ከርሞ፣ «በሰላም ከገባሁ ላሊበላን በእግሬ» ብሎ የተሳለውን ሊያደርስ የመጣ ነው። ገዳሪፍ ማለት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው እግር ይይዛል፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ ግን እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። ማሽላውና ሰሊጡ እስከ አድማስ ይሄዳል። እዚያ አገር የታየ ነገር የተደረሰ ነው፤ ዛፍ ካየህ ዛፉ ጋ ትሄዳለህ፣ ዛፉ እዚያው ነው። ይህ ልጅ ከጋሸና ደጋ ላይ ሆኖ ቀና ሲል ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነውን የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ፊት ለፊቱ አየና «ላሊበላ ከዚህ ሥር አይደለችም እንዴ? ደረስን በሉኛ!» አለ። ማንም አልመለሰለትም። እማሆይ ብቻ ከፊት ዞር ብለው አዩት።

በመካከል የተከዜ ሸለቆ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ወረድን። ተራራው እዚያው ነው። ውኃውን ተሻግረን ሽቅብ ጀመርን። ተራራው ጠፋ። ላስታ ውስጥ ዓይን የሚደርስበት አገርና እግር የሚደርስበት አገር ለየብቻ ናቸው፤ የጋራ ድንበርም የላቸውም። ማታ እሳት ዳር ልጁ እግሩን እያሸ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ገዳሪፍ ሙቀቱ ነው እንጂ እንዲህ አይዋሽም» አለ። «እዚህ ሰዉ ምን ያድርግ? መሬቱ ራሱ ነው ደርሳችኋል የሚለው።» ከዚህ የጠለቀ አስተያየት ከመስክ ሥራችን አላገኘንም።

ሥርዓቱን ሊያፈርስ የሞከረ ደግሞ ሌላ ነበር፤ ስልክ የያዘ ተማሪ። ጥፋቱ የቅንነት ስለነበረ እንዲህ በአጭሩ እንናገረዋለን። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ዳገት ላይ ሆነን፣ ከካቡ ላይ «ደርሳችኋል» ተብለን፣ በደስታ ልንነሳ ስንል ይህ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገቱ ሳይቆጠር» አለ። ማንም አልተናገረም። አንዱ ሰውዬ የያዘውን ሃይላንድ ውኃ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሌላው ጫማውን አወለቀ። አንዲት እናት ሕፃን ከጀርባቸው አወረዱ። ርቀት ነጋሪው ከካቡ ላይ ሆኖ ልጁን ያየበትን ዓይን መግለጽ ይከብዳል፤ አንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራው በአንድ ጎረምሳ ሲበላሽ የሚያይበት ዓይን ነው። በመጨረሻ እናትየዋ «ልጄ፣ እባክህ ዝጋው» አሉት። ልጁ ዘጋው። ኔትወርኩም ጠፍቶ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰውዬው ከካቡ ወርዶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እሱ በመኪና መንገድ ነው» አለ። «በአቋራጭ እኮ ደርሳችኋል!» ሰዉ ሁሉ ተነሳ።

በሙሉ ጉዞው «ኧረ ገና ናችሁ! በጣም ሩቅ ነው!» ያለን ሰው አንድ ብቻ ነው። ያገኘነው ሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያውን አልፈን፣ ከተማው ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ነው። ባጃጅ ነጂ ነበር።

ላሊበላ ገባን። የከተማው ሰው እንደ ልማዱ ሳፋና ጣሳ ይዞ በየደጁ ወጥቶ የእንግዳ እግር ያጥባል። እዚህ ላይ የጥናቱ ምድቦች መደናገር ጀመሩ። የተቀመጠው ሁሉ አቧራ ለብሶ አንድ መልክ ሆኗል። ዘመድ ቆጣሪው ከሚያጥበው ሰው ጋር ዘመድ ሆኗል። የገዳሪፉ ልጅ ስእለቱን ለማድረስ ወደ ቤተ ማርያም የሚወስደውን መንገድ ጠይቆ፣ በከንፈር ተጠቁሞለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሏል። እማሆይ ታጥበው፣ ጸልየው፣ ለሌሊቱ ቦታ ይዘው አብቅተዋል።

ከሳፋው ዳር የተቀመጡት አንድ አባት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ጋሸና አካባቢ ካብ ላይ ተቀምጠው ትተናቸው የመጣናቸው፣ የማሉልን፣ በልጆቻቸው ደርበው የማሉልን ሰው ናቸው። በምን እንደቀደሙን አልጠየቅንም፤ በእሳቸው እግር ነው። ሰውዬው ከሚቀድሙት ይሁኑ ከተቀመጡት፣ ተሳላሚ ይሁኑ ርቀት ነጋሪ፣ ከዚህ በኋላ መመደብ የሚቻል አልሆነም፤ ማስታወሻውን ከረጢት ውስጥ ከተትነው። ይሁንና አንድ ጥያቄ ለሳይንስ ሲባል መጠየቅ ነበረበት።

«አባቴ፣ እንዲያው እዚያ ጋሸና ላይ ደርሳችኋል ብለውን ነበር እኮ።»

አንድ እግራቸውን ከሳፋው አውጥተው ሌላውን አስገቡና ቀና ብለው አዩን።

«ታዲያ አልደረሳችሁም?»